የቀኙ ጫማ

ሑስና የባሏን የመሮጫ ጫማ ገና በጨለማ አጠበችው። እስቲ በአላህ፣ የትኛዋ ሴት ናት ጫማ በጨለማ የምታጥበው? ልብስ እንኳ ቢሆን ፀሐይ እስክትወጣ ይጠበቃል። አብዱልጀባር ሱብሒ ሰግዶ ከመስጊድ ሲመለስ ጫማዎቹ ማሰሪያቸው ወጥቶ፣ ምላሳቸው ተጎልጉሎ፣ ከውሃ ሮቶው አጠገብ ባለው የብሎኬት አጥር ላይ ተደፍተው ውሃ ያንጠባጥባሉ። ሑስና ሳፋውን እየደፋች ነበር። ቀና ብላ አላየችውም። «ሸትቶ ነበር» አለች። «ሽታው ቤቱን ሞላው።» ጫማው የነበረው አልጋ ሥር፣ ከሻንጣው ኋላ፣ በፌስታል ተቋጥሮ ነው፤ እዚያ መደበቅ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከዚያ ጎትታ ያወጣችው ሽታ አስቸግሯት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አብዱልጀባር ሰንደሉን እንዳጠለቀ ከበሩ ኋላ ዱላውን አንስቶ ወጣ።

ዱላው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አምስት ወንዶች ናቸው፤ ረቡዕና እሁድ ጠዋት ከሰፈሩ ጥግ፣ ከጭማቂ ቤቱ ፊት ለፊት ተገናኝተው ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ እስከ ሸንኮራ አገዳው እርሻ መጀመሪያ ይሮጡና ይመለሳሉ። ሯጭ ከተባሉ ሯጭ አይደሉም፤ ቦርጭና ስኳር በሽታ ፈርተው የጀመሩ የአዳማ ጎልማሶች ናቸው። መንገዱ ላይ ሥጋ ቤቶች አጥንት የሚጥሉበት ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ የሚያድሩት ውሾች ደግሞ አምስት ሰው ሲያልፍ አራቱን ትተው የመጨረሻውን ነው የሚከተሉት። ስለዚህ ዱላ የሚይዘው ወደ ኋላ የቀረው ነው። ሕጉን ያወጣው ማን መሰላችሁ? ራሱ አብዱልጀባር! የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ሰንበታ የሚባለው አስተማሪ ጓደኛው እያለከለከ ወደ ኋላ ይቀር በነበረበት ጊዜ። «ዱላ ያዥ» የሚለውን ስምም ያወጣለት እሱ ነው፤ እንባው እስኪፈስ ስቆበታል። አሁን ዱላው ከረመዳን ወዲህ ከአብዱልጀባር እጅ አልወጣም። አሥር ኪሎ ሜትሩን በሃምሳ አራት ደቂቃ ይጨርስ የነበረ ሰው አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅበት ጀመር፤ እሱም ስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር ማየት ተወ። ዕድሜ ነው አለ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ቀልድ ነው እንዴ? ዕድሜ ነው ብሎ ለጓደኞቹም፣ ለራሱም ነገረ። ሌት ተኝቶ ሲያስበው ግን ዕድሜ ቢሆን ሁለቱንም እግር ነበር የሚይዘው።

«አካም ቡልቴ፣ ጀባር! በሰንደል ልትሮጥ ነው?» አለው ሰንበታ።

«ጫማዬ ታጥቦብኝ ነው።»

«በቃ ዛሬ እረፍ፤ ዕረፍትም እኮ ልምምድ ነው» አለና ዱላውን ተቀበለው፤ የተቀበለበት ፍጥነት ደስ አይልም ነበር። አራቱም ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ። ሠላሳ እርምጃ ሳይርቁ ጂብሪል፣ ከመካከላቸው በዕድሜ የሚያንሰው ባለ ባጃጅ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ እንኳ በጊዜ እንገባለን» አለ። ሰንበታ «ተው አንተ!» ብሎ ገሠጸው። ግሣጼው ከነገሩ ባሰ። ለካስ ሲጠብቁት ነው የከረሙት! በየመታጠፊያው ሽንቴ መጣ የሚሉት፣ ማሰሪያዬ ተፈታ ብለው የሚያጎነብሱት ሁሉ እሱ እስኪደርስ ኖሯል። ቤት ለመመለስም፣ እዚያ ለመቆምም አፈረና ከተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ወደ አሰላ የሚሄደው የመጀመሪያው አውቶብስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ሰንደሉን አውልቆ ቀኝ እግሩን አየው። ጤነኛ እግር ነው፤ አይታመም፣ አያብጥ። እስቲ ምን ይሁን ተብሎ ይፈራል?

የሚፈራበት ምክንያት ግን አለው፤ ሑስናም ታውቀዋለች። አባቱን ሕመሙ የጀመራቸው በቀኝ እግራቸው ነው። ስድሳ ዓመታቸው ነበር፤ ጠንካራ ሰው፣ ከወሎ በእግራቸው የመጡ፣ ጣቃ ጨርቅ በትከሻቸው የሚሸከሙ። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ሰንደላቸው ሸርተት ሲል ተሰማ። ቤተሰቡ ሳቀባቸው። «አባባ፣ ሲሚንቶውን እየጠረጉልን ነው እንዴ?» ያለው ራሱ አብዱልጀባር ነበር። ከዚያ እጃቸው ቀርፈፍ አለ፣ ቀጥሎ ድምፃቸው፣ ቀጥሎ ጉርሻ መዋጥ። አንዱ ነርቭ ነው አለ፣ አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፣ አንዱ ፀበል ከክርስቲያን ጎረቤት አምጥቶ ሰጠ። ሰባት ዓመት ተኙ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያገላበጠቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው ምራታቸው ሑስና ናት፤ ልጃቸውማ የጨርቅ ሱቁን ሰበብ አድርጎ ይሸሽ ነበር። የቀበሯቸው ሳምንት አብዱልጀባር ጫማ ገዝቶ መሮጥ ጀመረ። ሰው ሁሉ ለጤናው ነው አለ፣ እሱም ለጤናዬ ነው አለ፤ እውነቱ ግን ከዚያ አልጋ ነው የሚሸሸው። አሥራ አምስት ዓመት ሮጦ፣ እነሆ በመጪው ዓመት ስድሳ ይሞላዋል።

ወደ ቤት ሲመለስ ሑስና ጓዳ ነበረች። ከአጥሩ ላይ ጫማዎቹን አንስቶ እንደረጠቡ ፌስታል ውስጥ ከተተ። ግራው እንደ አዲስ ነው። የቀኙ አፍንጫ ግን ጎማው ተልጦ፣ ጨርቁ ተበልቶ፣ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ ከፍቷል። ከሰልባጅ ተራ በሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ከገዛው ገና አምስት ወሩ። ወደ ገበያው ጥግ ወደ ማናሴ ወሰደው። ማናሴ የኩየራ ልጅ፣ አድቬንቲስት ነው፤ ሰንበቱ ቅዳሜ ስለሆነ ሌሎቹ ጫማ ሰፊዎች ሲዘጉ እሁድን ብቻውን ይከፍታል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሙጫና የተቃጠለ ጎማ በሚሸትበት፣ ሰው ሁለት ከሆነ ጉልበት ለጉልበት በሚገጥምበት ቦታ ነው የሚሠራው። ቀኙን አገላብጦ አየው፣ ከግራው ጎን አቆመው፣ ከዚያ ሥራውን ትቶ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ የማን ጫማ ነው?»

«የ… የወንድሜ ነው።»

«ሩጫ አይደለም የጨረሰው» አለ ማናሴ። «የሚሮጥ ሰው ተረከዙን ወይ መሐሉን ነው የሚበላው፤ እሱም ሁለቱንም ነው። ይሄ እግሩ ከመሬት አልነሳ ብሎት ነው። እንደዚህ አድርጎ የሚያመጣልኝ አንድ የቡና ነጋዴ ነበረኝ። መጀመሪያ በወር፣ ኋላ በሳምንት ይመጣ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ጫማ አያደርግም» አለ ማናሴ። ለአብዱልጀባር የመጣለት ነገር ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ግራውንም ለጥፍበት! ማናሴ ግራው ምንም አልሆነም እኮ ቢለው፣ «ዝም ብለህ ለጥፍ፣ እኩል ይሁኑ» አለው። ሚስቱ በእጇ አጥባው፣ በጣቷ ቀዳዳውን ዳሳው ካበቃች በኋላ እሱ ጎማ ለጥፎ ሊደብቃት! የፈራ ሰው ሥራ እንደዚህ ነው። ማናሴ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ለሁለቱም አፍንጫ አበጀላቸው፤ ሦስት መቶ ብር ተቀበለ፣ «ለወንድምዎ ሐኪም ጋ ሂድ ይበሉት» ብሎ መከረው። አብዱልጀባር እሺ እለዋለሁ አለ።

ቀጥታ ቤት መሄድ ሲገባው እርጥቡን ጫማ አጥልቆ ወደ ሰፈሩ ኳስ ሜዳ ሄደ። አምስት ሰዓት አልፏል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከኮረብታው ላይ መብራት የሚያመነጩት የነፋስ መዘውሮች ይዞራሉ፣ ሜዳው ላይ አቧራው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። እዚያ የሄደው አቧራ ስለማይዋሽ ነው። ከአንዱ ግብ እስከ ሌላው ሮጠ፤ ሮጠ ከተባለ። ከዚያ ዞሮ ዱካውን አየ። ግራው ልክ ማኅተም ነው፤ ጥርት ያለ፣ ጥርሱ የሚቆጠር። ከእያንዳንዱ የቀኝ ዱካ በፊት ግን ስንዝር የምታህል ጭረት አለች። ክው አለ። ደግሞ ሮጠ፤ አሁን እያሰበ፣ ጉልበቱን ከፍ እያደረገ፣ «አንሳ፣ አንሳ፣ አንሳ» እያለ። ጭረቷ ጠፋች! እልል ሊል ምንም አልቀረው። ይሄው፣ ስንፍና ነው፤ ልብ ካሉት የሚድን ስንፍና! በደስታ ስለ ሰንበታና ስለ ጂብሪል እያሰበ፣ ረቡዕ ዱላውን ለማን እንደሚያስይዝ እያቀደ ሦስተኛውን ዙር ሮጦ ሲዞር ጭረቶቹ ተሰልፈው ጠበቁት። ልብ ሲለው ይነሳል፣ ሲረሳው ይጎተታል። ሰው ደግሞ መራመዱን ሳይረሳ ስንት ቀን ይኖራል? ከሜዳው ዳር ያለፈ የባጃጅ ሹፌር መሬት መሬት ሲያይ አይቶት «አባት፣ ምን ጠፋዎት?» ብሎ ጮኸለት። አብዱልጀባር እጁን አወዛወዘለትና በእግሩ አቧራውን እየጠረገ ዱካውን አጠፋ፤ እያንዳንዱን።

ምሳ ላይ ልጁ አማል ነበረች። እሁድ እሁድ ከባሏ ቤት መጥታ አብራቸው ትበላለች። ሩዙ ቀርቧል፣ ሥጋው በዝቷል፤ ሥጋ ኪሎው አንድ ሺህ በገባበት ዘመን እንዲህ አይበዛም ነበር። አብዱልጀባር ከበሩ እስከ ፍራሹ ያሉትን ስድስት እርምጃዎች እያንዳንዱን አስቦ፣ እግሩን እያነሳ ተራመደ። ሁለቱም ሴቶች ወደ ሳህኑ አቀርቅረዋል፤ ማቀርቀራቸው ራሱ ማየት ነበር። አማል አያቷ ሲተኙ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሾርባ የምታጠጣቸው እሷ ነበረች፤ ማንኪያውን ከከንፈራቸው አስጠግታ የምትጠብቀውን አጠባበቅ አብዱልጀባር ዛሬም ያስታውሰዋል። ስለ ቤት ኪራይ ተወራ። ስለ ሻሸመኔ ዘመዶቻቸው ሠርግ ተወራ፤ ማን መኪና ይዞ እንደሚሄድ፣ ስንት ሰው እንደሚጠራ። ከዚያ ወሬው አለቀና የማንኪያ ድምፅ ብቻ ቀረ። እሱ ማንኪያውን በቀኝ እጁ ይዞ ሩዙን ሲያነሳ አማል እጁን አየችው፤ ሲያያት ዐይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አባ፣ ከነገ ጀምሮ ሱቅ በባጃጅ ብትሄድስ? እኔ ከአንድ ሹፌር ጋር እነጋገራለሁ።»

«ሱቁ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው! ምን ሆኜ ነው በባጃጅ የምሄደው?» ብሎ ጮኸባት። እሱ እንኳ በድምፁ ደነገጠ። ልጅቷ ዐይኗ እንባ ሞላ። ሑስና «ብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለች። በሉ። አማል ዕቃውን አጥባ፣ የእናቷን እጅ ይዛ በር ላይ ትንሽ ቆማ፣ አባቷን ግንባሩ ላይ ስማ ሄደች። በሌላ ጊዜ ጉንጩን ነበር የምትስመው። ግንባራቸውን ትስም የነበረው አያቷን ነው።

የአሱርን ሶላት ሰግዶ ወደ ግቢው ሲወጣ ሑስና በሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተከራዮቹ ወጥተዋል፣ ግቢው ጭር ብሏል። «ጀባር» አለችው። «ከዚህ እስከ ሮቶው ሂድልኝና ተመለስ።»

«ለምን?»

«ሂድልኝ አልኩህ እኮ።»

እምቢ ማለት ይችል ነበር፣ ሱቅ አለብኝ ብሎ እንደ ድሮው መሸሽም ይችል ነበር። ግን ሰንደሉን አውልቆ በባዶ እግሩ ሄደ፣ ቀኙን ከፍ እያደረገ፣ «አንሳ፣ አንሳ» እያለ በሆዱ። ደርሶ ሲዞር ፊቷን አየ፤ ምንም አይነበብበትም። ጥሩ ሄጃለሁ ብሎ ተስፋ አደረገ። «እንደገና» አለች። «አሁን ግን እያወራኸኝ። የዩኒፎርሙ ጨርቅ፣ ያ ሰማያዊው፣ ሜትሩ ስንት ገባ?» እሱም መንገዱን እየጀመረ፣ ሰማያዊው አራት መቶ ሃምሳ መግባቱን፣ አረንጓዴው ጭራሽ መጥፋቱን፣ የወለንጪቲው ትምህርት ቤት ደግሞ ቀለም ቀይሬያለሁ ብሎ ሃምሳ ጣቃ እንዳሳቀፈው ነገራት፤ በንዴት ነገራት፤ ነገሩ ልቡን ወሰደው። ሮቶውን ዞሮ፣ ስለ አዲሱ ቀለም እየተራገመ፣ ግማሽ መንገድ ሲመለስ ድምፁን ሰማው። ሲሚንቶው ላይ ሸርተት ይላል። ባለበት ቆመ። ብልጧ ሴት! ያስወራችው እግሩን እንዲረሳው ኖሯል።

ሑስና ተነስታ ወደ እሱ መጣች። አጠገቡ ስትደርስ ቀኝ እጁን ያዘችው። «ግራህ ሲወዛወዝ ይሄ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል» አለች። «ይሄን ካየሁት ቆይቷል። ጫማውን ያጠብኩትም እርግጠኛ ለመሆን ነው።»

«ዕድሜ ነው በይኝ።»

«ዕድሜ አይደለም።» ድምፁን ከፍ አላደረገችውም። «አባባን ሰባት ዓመት ዋሸኋቸው፣ ጀባር። በየጠዋቱ ፊታቸውን እያበስኩ ዛሬ ተሽሎዎታል፣ ነገ ይነሳሉ እላቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሐኪም ይያቸው ብዬ አልጮህኩም፤ ይነሳሉ እያልኩ ራሴም አምኜው ኖርኩ። ይሄ አሥራ አምስት ዓመት እንቅልፍ ሲነሳኝ ነው የኖረው። አንተን አልዋሽህም፣ ወላሂ አልዋሽህም። እንደ እሳቸው ነው የጀመረህ። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ያኔ አላወቅንም፤ አሁን በጊዜ አይተነዋል፣ መድኃኒትም አለው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

አብዱልጀባር ሁሉንም ሰማ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እውነቱን ቢያውቅ የሚቀለው ይመስለው ነበር፤ አልቀለለውም። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ሮጧል፣ ስንት ጫማ ጨርሷል፤ ያ ሁሉ አንድ ስንዝር አላራቀውም ማለት ነው? ሊጠይቃት የፈለገው ብዙ ነበር። ያገላብጡኛል? ድምፄም ይሄዳል? ትሰለቺኛለሽ? አንዱንም አልጠየቃትም። ሮቶው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እጇን ሳይለቅ፣ ሰው እንዳይሰማው የፈራ ይመስል፣ በሹክሹክታ ተናገረ።

«እሄዳለሁ። ነገ የምትወስጂኝ ቦታ ሁሉ እሄዳለሁ። ለዛሬ ግን… ለአባባ ትያቸው የነበረውን በይኝ።»

«ምኑን?»

«ያንኑ። አንዴ ብቻ።»

«ምዬ እኮ ነው፣ ጀባር!»

«ማልሽ፣ ሰማሁሽ። አንዴ ብቻ በይኝ፣ ሑስና፤ በጣም ፈርቻለሁ።»

ሑስና ከላይ ሆና ረጅም ጊዜ አየችው። የነጠላዋን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ ከግንባሩ ላብ ጀመረች፣ ዐይኖቹን፣ የአፍንጫውን ግራና ቀኝ፣ አገጩን ቀስ ብላ አበሰችለት። «ዛሬ ተሽሎሃል» አለችው። «ነገ ትነሳለህ።» ድምፅዋ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም፤ የለመደችው ነገር ነው። አባቱ ይህን ቃል በየጠዋቱ ሲሰሙ ለምን ዐይናቸውን ጨፍነው ዝም ይሉ እንደነበር አብዱልጀባር አሁን ገባው። አምነዋት አልነበረም። እሱም ዐይኑን ጨፍኖ ዝም አለ።